ለመንገድ መሪው የተነገረ ውሸት

ፔርሙሶቹ መቀያየር ያለባቸው ዝናቡ ሳያባራ ነው።

እሑድ ጠዋት። የትሪስታን ናርባሃ ገበያ ጢም ብሏል። አሮጌ ሬዲዮ፣ ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር፣ ጓጉንቸር የሌለው ቁልፍ፣ ምን የማይሸጥ አለ! ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ሰው ሁሉ ብብቱ ሥር ፔርሙስ ወሽቆ፣ በእጁ ማቴ የሚባለውን መራራ ቅጠል የሚጠጣበትን ቅል ጨብጦ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ፔርሙስ የያዘን ሰው ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የሚያጠራጥረው ባዶ እጁን የሚሄደው ነው።

ሴትዮዋ አረንጓዴ ፔርሙስ ይዛለች። ክዳኑ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ ተለጥፋለች። መታወቂያዋ ኒቢያ ኤቼቬሪ ይላል። ኒቢያ የምትባል ሴት ግን የለችም። ምስክሮችን የሚደብቀው መሥሪያ ቤቷ የሚጠራት «ቴሮ» እያለ ነው።

ቴሮ የሜዳ ወፍ ናት። እንቁላሏን አንድ ቦታ ትጥልና ሌላ ቦታ ሄዳ ትንጫጫለች። ሌባው ወደ ጩኸቱ ሲሮጥ ጎጆዋ ይተርፋል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው።

ከኋላዋ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው አለ። አትክልት ተራ አይታዋለች። መጽሐፍ ተራም አይታዋለች።

ቆመች። የአንድ አሮጌ ድስት ዋጋ ጠየቀች፤ ተከራከረች።

እሱም ቆመ።

«አጋጣሚ ነው» አለች ለራሷ። ያም ሆኖ ድስቱን አስቀምጣ ግርግሩ ውስጥ ገባች፤ በዶሮ ሻጮቹ ድንኳን ሥር ሹልክ ብላ በሌላ በኩል ወጣች። ግራጫው ጃኬት ጠፋ።

ዶን ኤቤር ከቁልፍ ሻጩ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጧል። ስድሳን ያለፈ፣ ቦርጫም፣ የልጅ ልጆቹን ፎቶ ላገኘው ሁሉ የሚያሳይ ሰው ነው። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። አባቷ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነበር።

«ውኃሽ ፈልቷል?»

«ማቴ የፈላ ውኃ አይወድም።»

ይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። ፔርሙሷን ከእሱ ፔርሙስ ጎን አስቀመጠች። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

«እሺ ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«ማንም የማይፈልገው ማውጫ።»

«በሰው ቋንቋ ንገሪኝ።»

«ተቀጥሬ በገባሁበት የመረጃ ድርጅት፣ ካራጓታ ኩባንያ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ሰንጠረዦች አሉ። አንዱ መታወቂያ፣ አንዱ አድራሻ፣ አንዱ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት። ፋርማሲዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት በበሽተኛው ቁጥር ነው። አሁን ግን በመድኃኒቱ ስም የሚሄድ ማውጫ ተሠርቷል። ከመጽሐፍ ኋላ እንዳለው ማውጫ ያስቡት፤ ማሽኑን ገጽ በገጽ ከማገላበጥ ያድነዋል። እንግዲህ ‹ይህን መድኃኒት የሚወስደው ማነው?› እያለ ቶሎ ቶሎ የሚጠይቅ ሰው አለ ማለት ነው።»

ዶን ኤቤር አንገቱን ነቀነቀ። «ስም ይቀየራል፤ በሽታ አይቀየርም» አለ ቀስ ብሎ።

«ልክ ነው። ኢልዴፎንሶን ያገኙት እንደዚህ ነው።»

ኢልዴፎንሶ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በወደቡ የኮንትሮባንድ ቡድን ላይ ሊመሰክር ስሙን ቀይሮ ሳልቶ ከተማ ተደበቀ። በስኳር መድኃኒቱ ተከታትለው ቤቱ ድረስ መጥተው ገደሉት። የቀረችው ምስክር አንዲት ሴት ናት፤ የወደቡ ክሬን ነጂ ሴልቫ። ሴልቫን በመኪና ወስዳ ካስቲዮስ ከተማ አጠገብ ያሸሸቻት ራሷ «ቴሮ» ነች። የመጨረሻው አድራሻ ከእሷ ጋር ብቻ እንዲቀር ደንቡ ያዝዛል፤ ለአለቃዋ እንኳ አልተናገረችም። «እኔ እያለሁ አያገኙሽም» ብላ ምላላታለች።

«ማውጫውን የሠራው ማነው?»

«በሚልተን ስም ነው የተመዘገበው። የመረጃ ቋቱ ጠባቂ ነው። ግን ዶን ኤቤር፣ እሱ እንኳ አይመስለኝ…»

«እሱ ነው ሰውየው» ብሎ አቋረጣት። «ፊቱ ደግ ስለሆነ አትሞኚለት። ማስረጃ ሰብስቢበት።» ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። «ሴልቫስ እንዴት ናት? የዓይን ጠብታዋ ይደርሳታል?»

ሳቀች። «ኸረ የዓይን አይደለም! ያን ጊዜ የዓይን ቆቧ ወድቆ ሳይ መስሎኝ ነው ጠብታ ያልኩዎት። ለካ ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ነው፤ ከዓይን ቆብ ነው የሚጀምረው አሉ። መድኃኒቱ ፒሪዶስቲግሚን ይባላል።»

«ፒሪ… ምን አልሽ?»

ደገመችለት። ፊደል በፊደል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ግን ያኔ ምንም አልተሰማትም። የእሱን ፔርሙስ አንስታ ሄደች።

ሰኞ ቀኑ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ወር በገባ በሃያ ዘጠኝ አገሩ በሙሉ ኞኪ ይበላል፤ ከድንች የሚድቦለቦል ነው። ወሩ እንዲባረክ ሳህኑ ሥር ሳንቲም ይደረጋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ያችን ፖምሽን ይዘሽ ተቀመጪ አሉሽ!» አለ ሚልተን ገና ከካራጓታ ቢሮ በር። «ኞኪ ነው የምንበላው፣ ሁላችንም።»

«ሥራ አለብኝ ሚልተን።»

«ሥራ የትም አይሄድም። ኞኪው ግን ይቀዘቅዛል።»

ሚልተን ረጅም፣ ጎባጣ፣ አርባ ዓመት ሞልቶት ያላገባ ሰው ነው። ከሩዝ አገር ከቬርጋራ ነው የመጣው። እናቱ ዶኛ ኦልጋ ስልክ በማይነሳበት ገጠር ነው የሚኖሩት። በእኩለ ቀን የገጠር ሬዲዮዎች ለስልክ አልባ ሰዎች መልእክት ያነባሉ፤ ሚልተንም በየሳምንቱ ይልክላቸዋል። «ትናንት ‹እማማ፣ ካልሲው ደርሷል፣ ሁለቱም ግን የግራ ነው› አስብዬ አስነበብኩላት» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ማቴውን ቀድቶ ሰጣት። ጠጥታ ዝም ብላ መለሰችለት። ቅሉን ስትመልሺ «አመሰግናለሁ» ካልሽ በቃኝ ማለት ነው፤ ማንም እንዲህ በጠዋት አይለውም።

ሥራውን ያለማመዳት እሱ ነው። መንገድ የሚመርጠውን የማሽኑን ክፍል «ባኬያኖ» ይለዋል፤ የከብት አገር መንገድ መሪ ማለት ነው። «አንቺ የት መድረስ እንደምትፈልጊ ብቻ ነው የምትነግሪው» ብሏት ነበር በመጀመሪያው ቀን። «በየት በኩል እንደሚኬድ የሚመርጠው እሱ ነው። የትኛውን ሰንጠረዥ ያስቀድም? በማውጫ ይሂድ ወይስ ሁሉን ያንብብ? ወንዙን ግን ሄዶ አያይም እኮ! በወሬ ነው የሚመርጠው። እኛ ቆጥረን ‹ይህ ሰንጠረዥ ይህን ያህል መስመር አለው› እንለዋለን፤ ያምናል። ወንዙ ደርቋል ካልሽው ይዞሽ ደራሽ ውኃ ውስጥ ይገባል።»

ወደ ወንበሯ ሄደች። ማሽኑ አንዴ የመረጠውን መንገድ ለጊዜው ያስታውሳል፤ ያው ጥያቄ ሲመለስ እንደገና እንዳያስብ። የትዝታውን ክፍል ከፈተች። በዚያ ማውጫ በኩል ያለፈ መንገድ ፈለገች።

አንድ አገኘች። ጥያቄውም አብሮት አለ። ላኪው «ጎብኚ» የሚባል መግቢያ ነው፤ ከጀርባው ማን እንዳለ አይታይም። ጥያቄው ሦስቱን ሰንጠረዦች ያጋባል። መታወቂያው ቅርብ ጊዜ የወጣ። አድራሻው አዲስ። ሴት። መድኃኒቱ፦ የዓይን ጠብታ።

የዓይን ጠብታ።

በሦስቱም ሰንጠረዥ ውስጥ የሴልቫ ስም የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አያውቅም። ሲጋቡ ግን ቤቷን ይጠቁማሉ። ግን ሴልቫ የዓይን ጠብታ ተጠቅማ አታውቅም። በዓለም ላይ ይህን ስህተት የተናገረች አንዲት ሴት ናት። የሰማው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

ባለፈው ወር ጋዜጣ ላይ ያነበበችው ትዝ አላት። ፍሎሪዳ ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ገብተው፣ ፊቷን በባትሪ አብርተው አይተው፣ ምንም ሳይወስዱ ወጡ። ፖሊስ «እብዶች ናቸው» አለ። አሮጊቷ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ይዟት ጠብታ ትወስድ ይሆናል፤ ለልጇ ብላም ቤት ገና መቀየሯ ይሆናል።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሌባ ፈልጋ የገባችበት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው አባቷን የቀበረላት ሰው ነው። ዶን ኤቤር ሌባውን እንድትይዝ አልላካትም። ሚልተን ላይ እንድትንጫጫ ነው የላካት።

ከዚያ ትናንት ትዝ አላት። ፊደል በፊደል።

ተራ የያዙትን ጥያቄዎች ከፈተች። የ«ጎብኚ» ከባድ ጥያቄ በሥራ ሰዓት አይፈቀድለትም፤ ፋርማሲዎቹ ለምሳ ጋብ እስኪሉ ይጠብቃል።

አንድ ጥያቄ ተራ ይዞ ቆሟል። መድኃኒቱ፦ ፒሪዶስቲግሚን።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች፤ ድምፅ አውጥታ።

«ምነው?» አለ ሚልተን።

«ምንም። ሻይ… ውኃ ደፋሁ።»

«እንግዲያው ጥረጊው፣ እኔ ሄጃለሁ። ሳህንሽን ሸፍኜ አመጣልሻለሁ። ሳንቲምሽንም አደርግልሻለሁ። ኮምፒውተሬ ክፍት ነው፤ አንድ ነገር ቢጮህ እይልኝ።» ኮምፒውተሩን በራሱ ስም እንደተከፈተ ትቶ ሄደ። ክልክል ነው። ግን እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጓደኛን አለማመን ነውር ነው።

መግቢያውን ለመዝጋት ሥልጣን የላትም። መሥሪያ ቤቱ ብትደውል ስልኩ የሚያርፈው ኤቤር ጠረጴዛ ላይ ነው። በማውጫው በኩል ከሄደ መልሱ ዓይን ጨፍኖ እስኪከፍቱ አይቆይም። ሴልቫ ደግሞ ስልክ የላትም።

ሬዲዮ ግን አላት።

ወደ ዳቦ ቤቱ ወረደች። «የኔ እናት፣ ስልኬ ሞቶብኝ ነው» ብላ የዳቦ ሻጯን ስልክ ለመነች። ሴልቫን ባሸሸቻት ቀን መኪና ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆነው እየሳቁ የፈጠሩት የሬዲዮ ምስጢር ቃል ነበር። ለኤቤር አልነገረችውም፤ ቀልድ ነዋ፣ ማን ቀልድ ሪፖርት ያደርጋል?

«ሬዲዮ ጣቢያ ነው? መልእክት ነበረኝ። ለፔትሮና። ‹ነጯ ባዝራ ታማለች፤ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ውሰጃት፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ።›»

«ምን ሆና ነው ባዝራዋ?» አለ አንባቢው በሐዘኔታ።

«እግሯን ነው። እባክዎ ዛሬ ይነበብልኝ።»

ፔትሮናም ባዝራዋም ራሷ ሴልቫ ናት። ሐኪሙ ሮቻ ከተማ ያለችው ዳኛ ናት። በሯ ላይ ተቀምጠሽ ከእሷ በቀር ለማንም አትንገሪ፤ ትርጉሙ ይህ ነው። ሴልቫ ዛሬ ሬዲዮ ትክፈት አትክፈት ግን እግዜር ይወቅ።

ተመለሰች። ሚልተን ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለባኬያኖው ቆጠራ በእጅ መጻፍ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

እጇ ፊደሉ ላይ ቆመ። ይህን ከጻፈች የሚጻፈው በእሱ ስም ነው።

ሴልቫን አሰበች። የወደቀ የዓይን ቆቧን። ጻፈች።

መታወቂያ፦ ሦስት መስመር። አድራሻ፦ ሦስት መስመር። መድኃኒት፦ ሦስት መስመር።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። የ«ጎብኚ» ጥያቄ ተነሣ። ባኬያኖው ወሬውን ሰማ። ሦስት መስመር ላለው ሰንጠረዥ ማውጫ መግለጥ ለምኔ? ዘው ብሎ ገባ። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ያነብባል፤ አንድ ሰው ባገኘ ቁጥር ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ሦስት ሚሊዮን ሰው ያለበትን አገር፣ ባዶ ነው ብለው የላኩት ሰው በእግሩ ያካልለዋል።

ስልኳ ጮኸ።

«ቴሮ፣ ማሽኑ ደክሞታል እንዴ?» አለ ዶን ኤቤር። እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው።

ማሽኑ እንደደከመ በምን አወቀ? ራሱን አጋለጠ፤ ወይም መጋለጡ አላስጨነቀውም። «ላጣራ» አለች።

«አታጣሪ። እኔው እየመጣሁ ነው። አጠገብሽ ነኝ።»

መጣ። ደረቱ ላይ የእንግዳ ወረቀት ለጥፏል። ከኋላው አንድ ሰው ገብቶ በሩ ጋ ቆመ።

ግራጫ ጃኬት።

ኤቤር ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጉልበቷን ነካ። «አንድ ወጥመድ ዘርግቻለሁ» አለ በሹክሹክታ። «በ‹ጎብኚ› ስም የላክሁት እኔ ነኝ፤ ሌባው እንዲታይ። ቶሎ መልስ ያስፈልገኛል።»

«እርስዎ ነዎት? አላወቅሁም ነበር» አለች። «መንገዱ ተበላሽቶ ነው ዶን ኤቤር።»

«አስተካክይዋ።»

«ቀስ ብሎ ነው የሚታየው።»

«ልጄ፣ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል።»

ጆሮዋን ልትነካ እጇ ተነሣ። መልሳ አወረደችው። በየክፍሉ ስልኮች መጮህ ጀመሩ። ውሸቱ የ«ጎብኚ»ን ጥያቄ ብቻ አልነበረም ያሳሳተው፤ ያ ባኬያኖ የፋርማሲዎቹንም መንገድ ነው የሚመራው። ከአርቲጋስ እስከ ሮቻ መስኮት ላይ የቆመ በሽተኛ ሁሉ መድኃኒቱ አልመጣለትም። አንዲት ሠራተኛ «ሕፃን ይዛ የምታለቅስ እናት መስመር ላይ አለች!» ብላ ጮኸች። ይህን አስባው ነበር። ማሰብና መስማት ግን አንድ አይደለም።

ሚልተን የተሸፈነ ሳህን ይዞ እየሮጠ ገባ። «ምንድነው ይኼ ሁሉ ጩኸት?» ሳህኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ወደ ኮምፒውተሩ ጎነበሰ። «ኧረ በሕግ! ሦስት መስመር? ሦስቱም ሦስት መስመር? ይህን ማነው የጻፈው?»

ኤቤር ዞሮ አያት።

ግራጫው ጃኬት እጁን ኪሱ ከተተ።

ሚልተን እንግዳውን አየ፤ ደረቱ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ከዚያ እሷን አየ። ፊቷ ወረቀት መስሏል። የተረዳው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ አዲሷ ባልደረባው ተሳስታለች፣ አጠገቧ ደግሞ ከበላይ የመጣ ሰው ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። አለቃ ፊት ባልደረባ ተላልፎ አይሰጥም።

«አይ፣ ለካ እኔው ነኝ» አለ ግንባሩን እየመታ። «ጌታዬ ይቅርታ። እሑድ እሑድ ሰንጠረዦቹ ባዶ ይደረጉና እንደገና ይሞላሉ። ባዶ ሳሉ ቆጥሬያቸው ነው። የጀማሪ ስህተት፣ በዚህ ዕድሜዬ! እሷ ምንም አታውቅም።»

«ዝም በል ሚልተን» ማለት ፈለገች። አላለችም።

«ስምህ ማነው?» አለ ኤቤር።

«ሚልተን ሳራቪያ፣ አገልጋይዎ። የመድኃኒቱንም ማውጫ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው አንድ ከበላይ የመጣ ሰው ‹ቀርፍፎብናል፣ ውለታ ዋልልን› ብሎ ለመነኝ። አሁን ማሽኑ ሳይጠቀምበት የቀረው ያን ማውጫ ነው።»

ኤቤር ፈገግ አለ። የፈለገው ሁሉ በአንድ አፍ፣ በሰው ፊት፣ ሳይጠየቅ ተነገረለት።

ሚልተን ሰንጠረዦቹን እንደገና አስቆጠረ። መቁጠሩም ጊዜ ወሰደ፤ እሷ በልቧ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ትላለች። የጀመረው መንገደኛ በያዘው መንገድ ነው የሚቀጥለው፤ ስለዚህ የ«ጎብኚ»ን ጥያቄ አስቁሞ እንደገና ለቀቀው። ባኬያኖው እውነቱን ሰማ። በማውጫው በኩል ሄደ።

አንድ መስመር።

ካስቲዮስ። የዘንባባው መንገድ። የቤቱ ስም።

ኤቤር አነበበ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ። እሑድ እንገናኝ።» ግራጫውን ጃኬት አስከትሎ ወጣ። ከመተላለፊያው ስልክ ሲደውል ሰማችው፤ ካስቲዮስ አካባቢ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩት።

ሴልቫ ሬዲዮውን ከፍታ ነበር? ወይስ ዛሬ ቡችላ ስታጥብ አለፋት? ልትደውልላት አትችልም። ተከትላው ብትሄድ ደግሞ ሁሉን ማወቋን ለኤቤር መንገሯ ነው። መቀመጥ ብቻ ነው የቀራት። እንዲህ ዓይነት መቀመጥ ሰውን ያስረጃል።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለ ሚልተን። «ስህተት እኮ ነው። እኔ ስጀምር የአንድ ከተማን መብራት ሒሳብ በሙሉ አጥፍቻለሁ። ይልቅ ብዪ፣ ቀዝቅዟል።» ማቴውን ቀድቶ ሰጣት።

ጠጣች። ቅሉን መለሰችለት።

«አመሰግናለሁ» አለች።

ሚልተን ቅሉን እንደያዘ ቀረ። «ገና አንዱን? ጠገብሽ እንዴ?»

ሳህኑን ብድግ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ሳንቲም ወሰደች። ኞኪውን አልነካችውም። ኮቷን ደርባ በደረጃው ወረደች።

ሴልቫ ሰምታ ነበር። አንባቢው «ምስኪን ባዝራ» ብሎ ሳይጨርስ የጎረቤቷን ፒክአፕ ለምና መንገድ ጀምራለች። የኤቤር ሰዎች ጨለማ ጠብቀው የዘንባባው መንገድ ላይ ያለውን ቤት ሰብረው ሲገቡ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው የጠበቋቸው የዳኛዋ ፖሊሶች ናቸው። ከተያዙት ከአንዱ ኪስ ስልክ ጮኸ። ፖሊሱ አነሳው። «ጨረሳችሁ?» አለ ዶን ኤቤር።

እሱን ራምብላው ላይ፣ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ያዙት። አረንጓዴው ፔርሙስ ብብቱ ሥር ነበር። የልጅ ልጆቹን ፎቶ ለካቴና አሳሪው አሳየው አሉ።

እሰይ ነው። ሴልቫ በሕይወት አለች። ግዳጁ ተፈጸመ።

ግን ዳኛዋ መዝገቡን ስትከፍት ማውጫው የተሠራው በሚልተን ስም ነው። የውሸቱ ቆጠራም በሚልተን ስም ነው። «እኔው ነኝ» ያለውንም ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል፤ አንዳንዱ ‹ማሽኑን ያስቆመው ዱካውን ሊያጠፋ ነው› አለ። ኤቤርም ከእስር ቤት ሆኖ «የውስጥ ሰዋችን እሱ ነው» ብሎ ማለ፤ ሚልተን ታሰረ። ኤቤር ቂም ይዞበት አልነበረም፤ የጀመረውን ሥራ መጨረሱ ነው። ያን ሥራ ያገባደደችለት ግን እሷ ናት፣ በገዛ ጣቶቿ።

አዲሱ አለቃዋ ወጣት ነው። ፔርሙስ አይዝም። መኪና ውስጥ ነው ያነጋገራት።

«ሚልተን ንጹሕ ነው» አለችው። «ዳኛዋ ፊት ልቅረብ።»

«እናውቃለን።»

«ካወቃችሁ ፍቱት!»

«ኒቢያ ኤቼቬሪ የሚባል ሰው የለም። የሌለ ሰው አይመሰክርም። አንቺ ከወጣሽ ከአንቺ ጋር የሠሩት ሁሉ ይወጣሉ። ሴልቫ ትመስክር፣ ፍርዱ ይለቅ፣ ከዚያ እናያለን።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሞተሩን አስነሣ። «ሆድ ይፍጀው በይው» አለ።

ችሎቱ ተቀጠረ። ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ።

አሁን አንዲት የገጠር ከተማ ውስጥ፣ የሱፍ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ናት። ስሟ ሌላ ነው። ፀጉሯ አጭር ነው። ምሳዋን ከምትከራይባቸው ከዶኛ ዴልሚራ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ትበላለች። ሬዲዮው ሁልጊዜ ክፍት ነው። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ዶኛ ዴልሚራ ኞኪ ሠርተዋል።

«መልእክት» አለ አንባቢው። «ይህችን በየጣቢያው እንድትነበብ የለመኑን እናት ናቸው። ‹ኒቢያ ኤቼቬሪ ለምትባል፣ የት እንዳለች ለማላውቃት። የሚልተን እናት ኦልጋ ነኝ። ልጄ እስር ቤት ሆኖ አይወቅስሽም። ሳህኗን ሸፍኜላት ነበር፣ በልታው ይሆን? እያለ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን እወቅስሻለሁ። ልጅ ያለሽ እንደሆነ በልጅሽ፣ የሌለሽም እንደሆነ በእናትሽ፣ ያየሽውን ለዳኛዋ ንገሪልኝ።›»

ሹካዋ ሳህኑ ላይ ቆመ። ኪሷ ውስጥ ያ ሳንቲም አለ፤ አጥፍታው አታውቅም፣ ጥላውም አታውቅም።

«አቤት እናት!» አሉ ዶኛ ዴልሚራ፣ ዓይናቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «ትናንትም ሰምቻታለሁ። ይቺ ኒቢያ የምትባል ምን ዓይነት ልብ ቢኖራት ነው? ታውቂያታለሽ አንቺ?»

«አላውቃትም» አለች።

«ብዪ እንጂ ታዲያ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጎንበስ ብላ መብላት ጀመረች። ሬዲዮው ወደ ከብት ገበያ ዋጋ አለፈ።